በመድረክ ላይ ማን ለማን ይታመናል?

መምህሩ፦ እኔ እስከ ዛሬ ከያዝሁት እምነት የሚያናውጸኝ ነገር አላገኘሁም፤ በመድረክ ላይ የሚፈጸመው የመጀመሪያው ሐሰት ተዋናይ ለተመልካች የሚናገረው ሳይሆን፣ ከፊቱ ለቆመው ባልደረባው የሚናገረው ነው። ኦቴሎን የሚጫወተው ሰው ወደ ዴዝዴሞና እየተመለከተ፣ በልቡ ግን ትናንት ማታ በመስተዋት ፊት ያጠናውን የራሱን ፊት የሚያይ ከሆነ፣ ቃሉ አንድ ሳይጎድል ቢነገር፣ ድምፁም ቢያምር፣ በሁለቱ መካከል ምንም አልተደረገም፤ በሁለቱ መካከል ያልተደረገውንም ነገር በጨለማው ውስጥ የተቀመጠው ሦስተኛው ሰው ከወዴት አምጥቶ ሊያየው ይችላል?

ተዋናይቱ፦ ጋሼ፣ ነገሩ በዚህ ቢያበቃ እኔም አሜን ብዬ እወጣ ነበር። ነገር ግን ይህ ቃል ከእርስዎ አፍ ወጥቶ ወደ ልምምድ አዳራሽ ሲገባ ሌላ መልክ ይይዛል። አዘጋጁ «እውነቱን ስጪው» ይለኛል፤ አብሮኝ የሚጫወተው ደግሞ «አንቺ ስለማትሰጪኝ እኔም አይመጣልኝም» ብሎ ያማርራል። እኔ ዴዝዴሞና አይደለሁም፣ እርሱም ባሌ አይደለም፤ ሁለታችንም ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከሼክስፒር ወደ አማርኛ የመለሱትን ቃል ተሸክመን የቆምን ሠራተኞች ነን። ለመሆኑ ስጪ የምባለው እውነት የማን ነው? የእርሷ ከሆነ በድርሰቱ ተጽፏል፤ የእኔ ከሆነ ደግሞ ሊጠይቀኝ ሥልጣን ያለው ማን ነው?

መምህሩ፦ ለዚህ ሐሳብሽ ጠበቃ የሚሆን መጽሐፍ አለልሽ። ፈረንሳዊው ዲድሮ ስለ ተዋናይ ጠባይ የጻፈው፣ እርሱ በ1784 እ.ኤ.አ. ካረፈ ከብዙ ዘመን በኋላ በ1830 የታተመው ድርሰት፣ ልክ እንደ እኛ ሁለት ስማቸው ያልተጠራ ሰዎች የሚከራከሩበት ሲሆን፣ ፍጹም ተዋናይ ማለት ልቡ የረጋ፣ ዓይኑ የነቃ፣ የሰውን ስሜት አጥንቶ የሚያሳይ እንጂ ራሱ በስሜት ውስጥ የሚሰጥም አይደለም ብሎ ይፈርዳል። ወጣቶች ይህን ሲያነቡ ከትልቅ ዕዳ ነጻ የወጡ ይመስላቸዋል።

ተዋናይቱ፦ ከዕዳ ለመውጣት አይደለም ያነበብሁት። በዚያው መጽሐፍ የተጻፈውን የለካንን ነገር ያስታውሱ እንደ ሆነ፣ ይህ ተዋናይ በቮልቴር «ሴሚራሚስ» ውስጥ ኒኒያስን ሆኖ፣ ወደ አባቱ መቃብር ወርዶ እናቱን ገድሎ፣ እጁ በደም ተነክሮ፣ ሰውነቱ እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ እየተቅበዘበዘ ሲወጣ፣ ተመልካቹም ትንፋሹን ውጦ ሲያየው፣ ከአንዲት ተዋናይት ጆሮ የወደቀ የአልማዝ ጌጥ በወለሉ ላይ ሲያብረቀርቅ ተመለከተና፣ መንቀጥቀጡን ሳያቋርጥ በእግሩ ገፋ እያደረገ ወደ መጋረጃው ጥግ አደረሰው። ገና አሁን እናቱን የገደለ ሰው ስለ ሌላ ሴት ጉትቻ ያስባልን? አያስብም። ተዋናዩ ግን አሰበ፤ ትርኢቱም በዚህ ምክንያት አልተበላሸም።

መምህሩ፦ ይህን ታሪክ የእናንተ ወገን ሁልጊዜ ለራሱ ምስክር አድርጎ ያቀርበዋል፤ እኔ ግን የእኔ ምስክር ሆኖ አገኘዋለሁ። ለካን ምን አደረገ? በፊቱ ያለውን ነገር አየ። ጉትቻውን ያየ ዓይን የባልደረባውን መድከም፣ ቃል ጠፍቶባት መጨነቋን፣ ከወትሮው ይልቅ ዛሬ አንድ እርምጃ ርቃ መቆሟን ሳያይ አይቀርም። እኔ የምፈራው እርሱን አይደለም። የምፈራው በራሱ እንባ ታውሮ ጉትቻውን ረግጦ የሚያልፈውን፣ ባልደረባውንም እንደ ዕቃ ቆጥሮ ኀዘኑን በላይዋ የሚያፈስሰውን ተዋናይ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ስሜቱ ስንኳ እውነተኛ ቢሆን ሐሰተኛ እለዋለሁ።

ተዋናይቱ፦ ይህን ካመኑልኝ ወደ ሌላው እሄዳለሁ፤ ታሪኩ አሁንም ከዲድሮ ነው። የሞልየርን «የፍቅር ኩርፊያ» የሚጫወቱ ባልና ሚስት ነበሩ፤ በድርሰቱ ተፋቃሪዎች ሲሆኑ በቤታቸው ግን እጅግ የሚጠላሉ ነበሩ። ተመልካቹ የሚሰማውን የፍቅር ቃል ጮክ ብለው እየተናገሩ፣ በቃሉና በቃሉ መካከል በሹክሹክታ የሚያንገሸግሽ ስድብ ይሰዳደባሉ። ዲድሮ እንደሚለው ከዚያ ሌሊት የበለጠ አሳምረው ተጫውተው አያውቁም፤ አዳራሹም በጭብጨባ ተሞላ። እንግዲህ ጋሼ፣ ጥላቻን ፍቅር ብሎ ማሳለፍ በእርስዎ ሚዛን ታማኝነት ሊሆን ነው?

መምህሩ፦ ሚዛኔን ጠበብ አድርገሽ ያዝሽው። እነዚያ ባልና ሚስት በዚያ ሌሊት ያማረላቸው ስለ ተጠላሉ አይደለም፤ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ስንኳ ሳያመልጠው ስለ ሰማ ነው። የተሰደበ ሰው ጆሮው ይከፈታል። ፍቅራቸው በሰላም በነበረበት ዘመን ምናልባት አንዱ ሲናገር ሌላው የእራት ነገር ያስብ ነበር ይሆናል። እኔ በባልደረቦች መካከል ይኑር የምለው ታማኝነት የስሜት አንድነት ሳይሆን የመልስ እውነተኛነት ነው፤ ይኸውም የተባለሽ ነገር በተባለበት መንገድ ደርሶሽ፣ የምትመልሽውም ከዚያ የወጣ ሲሆን ነው። አሜሪካዊው መምህር ሳንፎርድ ማይዝነር በኒው ዮርክ ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ ፊት ለፊት እያስቀመጠ፣ አንዱ በሌላው ላይ ያየውን ቀላል ነገር እንዲናገር፣ ሌላውም ያንኑ ቃል መልሶ እንዲለው ያደርግ የነበረው ለዚህ ነው። «ሸሚዝህ ተጨማድዷል»፤ «ሸሚዜ ተጨማድዷል»፤ እንዲህ እየተባባሉ ሲደጋግሙት ቃሉ ትርጓሜውን ያጣና በመካከላቸው ያለው ነገር ብቻ ይቀራል፤ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ይቆጣል፣ ያን ጊዜ ያልተጻፈ ሕይወት ይመጣል።

ተዋናይቱ፦ ያ ጨዋታ በልምምድ ቤት ጥሩ ነው፤ እኔም ሠርቼዋለሁ፤ ለአፍም ለጆሮም ይበጃል። ነገር ግን ስሜት የግድ ከውስጥ ካልመጣ ሌላውን አይነካም የሚለውን መሠረት አሁንም አልቀበልም። በ1610 እ.ኤ.አ. ይኸው «ኦቴሎ» በኦክስፎርድ ሲታይ፣ ሄንሪ ጃክሰን የሚባል የዚያ ከተማ ሊቅ በላቲን በጻፈው ደብዳቤ፣ ዴዝዴሞና ተገድላ በአልጋዋ ላይ ተጋድማ ሳለች በፊቷ ብቻ የተመልካቹን ርኅራኄ እንደ ለመነች መስክሯል። ያች «ሴት» ግን በዘመኑ ልማድ ወንድ ልጅ ነበረች። በእኛም አገር ቴአትር ገና ሲጀመር የሴትን ቦታ ወንዶች ይሸፍኑ እንደ ነበር እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። ነጠላ ተከናንቦ፣ ድምፁን አቅጥኖ ሙሽራ የሚሆነው ጎልማሳና ከአጠገቡ ሙሽራው ሆኖ የሚቆመው ጎልማሳ፣ በመካከላቸው የትኛውን የልብ እውነት ይለዋወጡ ነበር?

መምህሩ፦ (ይህን የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው ቢሆን ስቄ ባለፍሁት ነበር።) የሚለዋወጡትማ ነበራቸው። ያ ጎልማሳ ነጠላው ሊወድቅበት ሲል ሙሽራው ቀድሞ አይቶ ትከሻውን ከለል ካደረገለት፣ የተሰጠና የተቀበሉት ነገር አለ። ነገር ግን ወደ ጥጉ ልግፋሽ። ሮማዊው አውሉስ ጌልዩስ ስለ ግሪካዊው ተዋናይ ስለ ጶሉስ የጻፈውን ታውቂዋለሽ። በሶፎክሊስ ድርሰት ኤሌክትራ የወንድሟ የኦሬስቴስ አመድ አለበት የተባለውን ማሰሮ ታቅፋ ታለቅሳለች። ጶሉስ በዚያ ሰሞን አንድ ልጁ ሞቶበት ነበርና፣ ኤሌክትራን ሆኖ ሲወጣ ከልጁ መቃብር የወጣውን እውነተኛውን አመድ ይዞ ወጣ። ያለቀሰው ልቅሶ የተውኔት ልቅሶ አልነበረም ይላል ጸሐፊው። ዲድሮ ለዚህ ምን ይመልሳል?

ተዋናይቱ፦ ዲድሮ ምን እንደሚመልስ አላውቅም፤ እኔ የምጠይቀው ግን ሌላ ነው። በዚያ ትዕይንት በመድረኩ ላይ ጶሉስ ብቻውን አልነበረም። ማሰሮው ለኤሌክትራ እንዲሰጣት የሚያደርገው ኦሬስቴስ ራሱ ነው፤ በሕይወት ቆሞ ሳለ ሞቻለሁ ብሎ እኅቱን የሚያታልላት እርሱ ነው፤ ልቅሶዋንም አጠገቧ ቆሞ የሚሰማ እርሱ ነው። ኦሬስቴስን የተጫወተው ሰው ማን ነበር? ማሰሮው ውስጥ ምን እንዳለ ያውቅ ነበርን? ጌልዩስ አንዲት ቃል አልነገረንም፤ ይህን ታሪክ እየደጋገሙ ለሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ያደነቁትም ሰዎች ስለዚያ ሰው ሲጠይቁ አልሰማሁም። ያስቡት እስቲ፤ ባዶ ነው ብሎ በለመደው ማሰሮ ላይ ባልደረባው ተደፍቶ፣ በልምምድ ተሰምቶ በማያውቅ ድምፅ ሲጮኽ፣ ያ ሰው ምን ይሁን? ቀጣዩን ቃሉን ይናገር ወይስ ወዳጁን ይደግፍ? እርስዎ የታማኝነት ጫፍ አድርገው ያመጡልኝ ታሪክ በእኔ ዓይን የክህደት ታሪክ ነው። ጶሉስ ለልጁ ታመነ፣ ለኀዘኑ ታመነ፣ ለተመልካቹም ታመነ ይሆናል፤ ለባልደረባው ግን አልታመነም።

መምህሩ፦ ሳይነግረው እንደ ቀረ በምን አወቅሽ? ነግሮት ቢሆንስ?

ተዋናይቱ፦ ነግሮት ከሆነ እጅ እሰጣለሁ። ነግሮት ከሆነ ግን ያ ኦሬስቴስ በዚያች ቀን ከጶሉስ የበለጠ ታላቅ ተዋናይ ነበር፤ እውነተኛ አመድ መሆኑን እያወቀ፣ እኅቱን በሐሰት ማሰሮ የሚያታልለውን ሰው ጠባይ ሳይለቅ እስከ መጨረሻው ቆሟልና። ስሙ ግን አልተጻፈም።

መምህሩ፦ ይህን ነጥብ አልነጥቅሽም። የፈለቀበትን ምንጭ ግን ሳላየው አልቀረሁም፤ ነገሩ ከግሪክ የመጣ አይደለም።

ተዋናይቱ፦ አይደለም፤ ከትራሱ የመጣ ነው። በመጨረሻው ገቢር ኦቴሎ ትራሱን በፊቴ ላይ ሲጭን እንዴት እንደሚደረግ በልምምድ ተስማምተናል። ክንዱ በአልጋው ላይ ያርፋል እንጂ ክብደቱ በእኔ ላይ አይወድቅም፤ እኔ ፊቴን ወደ ጎን አዘነብላለሁ፤ ሁለት እጆቼ የእጁን አንጓ ይይዛሉ፤ ለተመልካች የምታገለው ይመስላል፣ በእርግጥ ግን የትራሱን ልክ የምወስነው እኔ ነኝ፤ እጆቼን ስለቅ አበቃ ማለት ነው። በመድረክ ላይ ጠብ የሚያስተምሩ ሰዎች ሁሉ የሚያጸኑት ሕግ ይኸው ነው፤ መቺው ሳይሆን ተመቺው ድርጊቱን ይመራል። አንድ ሌሊት ግን ባልደረባዬ ስሜት መጣለት። ክንዱ ከአልጋው ተነሣ። እጆቼን ለቀቅሁ፤ እርሱ ግን አልለቀቀም። ብዙ ጊዜ አልነበረም፤ ለእኔ ግን በዚያች ጊዜ ውስጥ ሼክስፒር የሚባል ሰው አልነበረም። መጋረጃው ሲወርድ አቅፎኝ «ዛሬ እውነተኛ ነበርን» አለኝ። አዘጋጁም ያንኑ አለ። ተመልካቹ ተነሥቶ አጨብጭቦ ነበር።

መምህሩ፦ ያደረገው ነውር ነው። በእኔ ትምህርት ስም ካደረገው ደግሞ ይበልጥ ነውር ነው።

ተዋናይቱ፦ በእርስዎ ትምህርት ስም ነው ያደረገው። ማክሪዲ የሚባለው እንግሊዛዊ ተዋናይ የሼክስፒርን ሻይሎክ ሊጫወት ሲል በንዴት ተሞልቶ ለመውጣት፣ ከመጋረጃ ጀርባ ግድግዳ ላይ የተሰካ መሰላል ይዞ እየተሳደበ በኃይል ይነቀንቀው ነበር ይባላል። እኔ ይህን ሰው እወደዋለሁ። ንዴቱን የወሰደው ከመሰላሉ ነው፤ መሰላል ጉሮሮ የለውምና።

መምህሩ፦ መሰላሉን ተቀብያለሁ። አሁን ግን አንቺም የእኔን ተቀበይ። ሁሉ ነገር በውል ታስሮ፣ እጅም ዓይንም ትንፋሽም ተቆጥሮ፣ አንዱ ከሌላው ያልታሰበ ነገር እንዳይመጣበት ተደርጎ በተጠበቀበት ትርኢት፣ በሦስተኛው ሳምንት በመድረኩ ላይ የሚቀረው ምንድር ነው? ብዙ አይቻለሁ። ተዋናይቱ በዚያችው ቃል ላይ፣ በዚያችው ዓይን፣ ያችኑ እንባ ታወርዳለች፤ ባልደረባዋ ሳል ይዞት ድምፁ ተዘግቶ ቢመጣ ስንኳ አትሰማውም፤ ትናንት ለተናገረው ትመልሳለች። ተመልካች ሞኝ አይደለም። ለምን እንደ ቀዘቀዘበት አይናገርም፤ ብቻ ወንበሩ ይንቋቋል። ሩሲያዊው ስታኒስላቭስኪ በ1898 እ.ኤ.አ. ከጓደኛው ጋር የሞስኮን የጥበብ ቴአትር ሲያቆም የሸሸው ይህን ሞት ነበር፤ በመጨረሻው ዘመኑ ስሜትን ከትዝታ መቆፈር ትቶ ወደ ድርጊት ሲያዘነብልም፣ የሸሸው ያንኑ ሞት በሌላ በር ነው።

ተዋናይቱ፦ ሞቱን አልክድም። መድኃኒቱ ላይ ነው የምንለያየው። ከሩቅ አልሄድም፤ ስለ አስለቃሽ እንነጋገር። ሟቹን በሕይወቱ አይታው የማታውቅ ሴት ትጠራለች፤ ስሙን፣ የት እንደ ተወለደ፣ ምን እንደ ሠራ፣ ማን እንደ ቀረው ትጠይቃለች፤ ከዚያ ቆማ ሙሾ ስታወርድ እስከዚያ ሰዓት ድንጋይ ሆና የተቀመጠችው እናት ትፈነዳለች። አስለቃሿ ልጅ አልሞተባትም። ዋጋዋን ተቀብላ ማታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ማንም አታለለችን አይላትም። ጥበብ ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ የእርሷ ያልሆነውን ኀዘን ባለቤቱ እንዲያገኘው ማድረግ።

መምህሩ፦ እርሷን ካመጣሽልኝማ ነገሬን ጨረስሽልኝ። አስለቃሽ ስትቆም ወዴት ትመለከታለች? ወደ እናቲቱ ፊት። ስለ ደግነቱ ስታነሣ ፊቷ ካልተለወጠ ትተወዋለች፤ ስለ ሠርጉ ስታነሣ ከንፈሯ ከተንቀጠቀጠ ወደዚያ ትሄዳለች፤ ትናንት በሌላ ደጃፍ የሠራላትን ግጥም እንዳለ አምጥታ ብትገለብጠው ሰዉ ራሱን ይነቀንቃል። ግጥሙ በጥበብ ነው፣ መንገዱ ግን ከእናቲቱ ፊት ነው። ከዚህ ሌላ ምን ጠየቅሁሽ?

ተዋናይቱ፦ በልቅሶው ቤት ግን አንድ ሌላ ሰው አለ፤ ረሱት። እናቲቱ ፊቷን ልትነጭ ስትል እጇን የሚይዙ፣ ልቅሶው ልክ ሲያልፍም «ይብቃ» የሚሉ ሽማግሌ አሉ። አስለቃሿም በነፃነት የምትሄደው እርሳቸው ስላሉ ነው። እኔ የምለው ያ «ይብቃ» በመድረክም ላይ ይኑር፣ ሥልጣኑም ለተመቺው ይሰጥ ነው።

መምህሩ፦ እጅን በሚመለከት እስማማለሁ፤ ያለ ጥርጥር። ዓይንን ግን በውል ማሰር አልችልም። ባልደረባሽ በአሥረኛው ሌሊት በድንገት እንደሚራራልሽ ሆኖ ቢያይሽ፣ ቃሉን ከመናገሩም በፊት ዝም ቢል፣ ይህን አስቀድሞ ሊነግርሽ አይችልም፤ እርሱም አላወቀውም ነበርና። ያን ጊዜ አንቺ በጥናት ያዘጋጀሽውን ፍርሃት ብታሳዪው፣ የዋሸሽው አንቺ ነሽ። ትራሱ የእርሱ በደል ነበር፤ ይህኛው ግን የአንቺ ይሆናል።

ተዋናይቱ፦ ዓይንም ቢሆን ይጎዳል ጋሼ። እርስ በርስ በመተያየት ብቻ የተጀመረ ነገር ልብስ ከተለወጠ በኋላ የማይወልቅ ሆኖ ቤት ያፈረሰበትን ጊዜ እርስዎም ያውቃሉ።

መምህሩ፦ አውቃለሁ። ለዚያ ደግሞ ተዋናይ መሆን አያስፈልግም፤ በየመሥሪያ ቤቱ ይሆናል። ብቻ ወደ ነገራችን እንመለስ። በቤተ ክርስቲያን ቂም ይዞ ወደ ቅዳሴ መግባት እንደማይገባ፣ ሰላምታ ሳይለዋወጡ መሥዋዕቱ እንደማይጀመር ተምረሻል። እኔም ከመጋረጃው በፊት ሁለት ባልደረቦች አንዱ የሌላውን የዕለቱን ሁኔታ ይጠይቅ፣ ራሱን አሞት እንደ ሆነ፣ ፈርቶ እንደ ሆነ፣ ዛሬ ምንም የማይመጣለት እንደ ሆነ ሳይደብቅ ይንገረው እላለሁ።

ተዋናይቱ፦ መድረክ መቅደስ አይደለም፤ ተዋናይም ካህን አይደለም። ካህኑም ቢሆን ልቡ በዚያች ዕለት ቢደርቅ ቅዳሴውን ትቶ አይወጣም፤ ሥርዓቱ ይሸከመዋል። ይህን ግን እቀበላለሁ፤ ለባልደረባዬ እነግረዋለሁ። «ዛሬ አልመጣልኝም፣ በልምምዳችን እንሂድ» ማለት አያሳፍረኝም። እርሱም ትራሱን ሲያነሣ ክንዱ አልጋው ላይ ይረፍ፤ የቀረውን፣ ዓይኑንም ዝምታውንም፣ እንደ መጣለት ያድርገው፤ አየዋለሁ፣ ላየሁትም እመልሳለሁ።

መምህሩ፦ አንድ ነገር ቀረ። በየሌሊቱ በዚያችው ቃል ላይ ያችኑ እንባ አላወርድም ብለሽ ቃል ትገቢልኛለሽን?

ተዋናይቱ፦ አልገባም። አንዳንድ ሌሊት እርሱም አያይም፣ እኔም አይመጣልኝም፤ ተመልካቹ ግን ከሥራ ውሎ፣ ትኬቱን ቆርጦ፣ ልጁን ከጎረቤት ትቶ መጥቷል። በዚያች ሌሊት እንባውን በጥበብ አመጣዋለሁ፤ ለባልደረባዬ በጥበብ ያመጣሁት መሆኑን እነግረዋለሁ፤ ለተመልካቹ ግን አልነግረውም።